ጳጉሜን 6 የት ገባች? ስለ ሙከራ ኮድና ስለ ተጠናቀቀ ኮድ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ባሕር ዳር፣ የካቲት 2018 ዓ.ም.

ለካላንደር ፕሮጀክታችን ኮድ ለምትልኩ፣ ኮድ ለምትገመግሙ፣ ፕሮግራሙንም በቢሯችሁ ለምትጠቀሙ ሁሉ

ጉዳዩ፦ የሚሞከረውን ኮድ ካለቀለት ኮድ ስለ መለየት

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ይህን ነገር በቃል ደጋግሜ ብየዋለሁ። ሐይቁ ዳር ቡና ስንጠጣ ብየዋለሁ፤ ኮድ ስንገመግምም ጽፌዋለሁ። ሁሉም «ልክ ነህ» ይላል። ከዚያ ሁሉም እንደነበረው ይቀጥላል። እኔም ጭምር። ስለዚህ በአደባባይ ልጽፈው ወሰንኩ። በአደባባይ የተጻፈ ነገር ጸሐፊውንም ይይዘዋል።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ዘንድሮ ዘመነ ማርቆስ ነው። የሚቀጥለው ዓመት ሉቃስ ነው። ሉቃስ ሲሆን ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። ካላንደር ለሚነካካ ሰው ይህ እንደ ክረምት ጎርፍ ነው። እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል፤ ቦዩን ግን ቀድሞ የሚጠርግ የለም።

ለአዲሶቹ አባላት ታሪኩን ከሥሩ ልንገራችሁ። የቆያችሁት ይህን ክፍል ዝለሉት፤ አንዳንዶቻችሁን ስታስታውሱት አሁንም ያማችኋል።

ጳጉሜን 6 ቀን 2011 ዓ.ም. ረቡዕ ነበር። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ከተማው በግና ዶሮ ብቻ ሆኗል። ባጃጁ ሳይቀር ከኋላ በግ ጭኖ ይሮጣል። እኔ እናቴ ሽንኩርት አስይዛኝ ቤት ተቀምጫለሁ። ስልኬ ጮኸ። ፕሮግራማችንን ከሚጠቀም አንድ አነስተኛ የቁጠባና ብድር ማኅበር ገንዘብ ያዧ ናት።

«ወንድሜ፣ ፕሮግራማችሁ መስከረም አንድ ብሏል» አለችኝ።

«መስከረም አንድማ ነገ ነው» አልኳት።

«እሱን እኮ ነው የምልህ! አንዲት እማማ ደረሰኙን አልቀበልም ብለው ቆመዋል።»

ስልኩን ለእሳቸው ሰጠቻቸው። ድምፃቸው ዛሬም አይጠፋኝም። ቁጣ የለበትም፤ ትዝብት ነው። «ልጄ፣ ዘመኑ ሉቃስ መሆኑን ማሽናችሁ አልሰማም እንዴ?» አሉኝ።

እሳቸው ሰምተዋል። በየዓመቱ መስከረም 1 ቤተ ክርስቲያን ሲታወጅ የሰሙትን ዓመቱን ሙሉ ይዘውት ዞረዋል። እኛ ደግሞ ላፕቶፕ ይዘን አልሰማንም።

እስከዚያ ሰዓት አርባ ምናምን ደረሰኝ ወጥቷል። ደረሰኙ ቀላል ነው፤ ተቀዶ ሌላ ይቆረጣል። የከፋው ሌላ ነበር። አንድ ዓሣ አጥማጅ የብድሩ ቀነ ገደብ ጳጉሜን 6 ነው። ቀኑን ጠብቆ ሊከፍል መጥቷል። ፕሮግራሙ «አንድ ቀን አሳልፈሃል» ብሎ ቅጣት ደመረበት። ሰውየው ተከራክሮ ሲያቅተው ከፈለ። ኮምፒዩተር ያለውን ማን ይከራከራል? ገንዘቡ በኋላ ተመልሶለታል። እኔን ያሳፈረኝ ግን መክፈሉ ነው።

ሽንኩርቱን ጥዬ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ያየሁትን በደንብ ላሳያችሁ፤ የዚህ ደብዳቤ ነገር ሁሉ እዚያች ፋይል ውስጥ ነው ያለው።

ቀን የሚቀይረው ፋይል ውስጥ ሁለት ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ) አለ። አንደኛው «ቀን ቀይር» ይባላል። ከሥሩ «ቀን ቀይር 2» አለ። ሁለተኛውን የጻፈው በክረምት ዕረፍቱ ያግዘን የነበረ ተማሪ ነው። የድሮው ረጅም ሪፖርት ሲያወጣ ይንቀረፈፍ ስለነበር ፈጣን ሊሠራልን ፈለገ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። «ገና ነው፣ እየሞከርኩት ነው» ብሎም ጽፎበታል። የጻፈው ግን ፈንክሽኑ ሆድ ውስጥ፣ ማንም ወርዶ የማያየው መስመር ላይ ነው። ከወር በኋላ ሌላ አባል የደረሰኙን ክፍል ሲያድስ ሁለቱን ጎን ለጎን አያቸው። 2 ካለ አዲሱ እሱ ነው፣ አዲሱ ደግሞ የተሻለው ነው ብሎ እሱን ጠራው። እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የማደርገው።

ስህተቱ ራሱ አንዲት ቁጥር ናት። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 6 የምትሆነው ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ነው። ልጁ የፈረንጆቹን ልማድ ይዞ ቀሪው 0 ሲሆን አድርጎታል። 2011 ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ለእሱ ፈንክሽን ግን ተራ ዓመት ነው። ስለዚህ ከጳጉሜን 5 ቀጥታ ወደ መስከረም 1 ዘለለ።

የሚገርመው ኮዱን የሚፈትሹት ቴስቶች በሙሉ አልፈዋል። ቴስት የተደረጉት የ2009፣ የ2010 እና የ2011 ቀኖች ነበሩ። ይቺ ስህተት እነዚያን ሁሉ ታልፋለች። የምትወድቀው በጳጉሜን 6 ላይ ነው፤ ከዚያም የዮሐንስን ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እያስቀደመች ትከርማለች። እማማ ባይቆሙ ኖሮ 2012ን እንዲሁ ነበር የምንከርመው።

ታዲያ ያላለቀ ኮድ ገንዘብ ያዧ ጠረጴዛ ላይ እንዴት ደረሰ? ይህም የእኛው ሥራ ነው። የፕሮጀክቱ መመሪያ ጽሑፍ፣ ሪድሚው፣ «ማስተሩን አውርዱ» ይል ነበር። ያኔ ዋናው ብራንች (የኮዱ ዋና ቅርንጫፍ) ማስተር ነበር የሚባለው፤ አሁን ሜይን የምንለው ማለት ነው። የማኅበሩ ቴክኒሻን ለበዓል አዲስ ይሁን ብሎ ዋዜማውን የቅርቡን ኮድ ፑል አደረገ (አወረደ)። ለበዓል ቤት እንደሚቀባው ማለት ነው። ያልነውን ነው የፈጸመው።

ያን ተማሪ ያን ሰሞን ብዙ ሰው ወቀሰው። አሁን በአደባባይ ልበለው፦ ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። የሚሞክር ሰው ይሳሳታል፤ ሙከራ የተባለውም ለዚሁ ነው። ጥፋቱ የሙከራው ኮድና ያለቀለት ኮድ አንድ ፋይል ውስጥ፣ አንድ ዓይነት ስም ይዘው፣ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው መቀመጣቸው ነው። ተጠቃሚው ደግሞ ከሁለቱ የቱን እንደያዘ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ነገር ደግሞ ሌላ ስህተት ነበር። ደንግጠን ስለነበር በአንዴ ወደ ሌላው ጫፍ ሄድን። «ሙከራ» የሚባል ለብቻው ብራንች ከፈትንና አዲስ ነገር ሁሉ እዚያ ይሁን አልን። ስምንት ወር ቆየ። በእነዚያ ስምንት ወራት ሜይን ላይ ስህተት እየታረመ፣ ፋይል እየተከፈለ፣ ስም እየተቀየረ ሄደ። ሙከራው ደግሞ በራሱ መንገድ ሄደ። ሁለቱን መልሰን የምናዋህድበት፣ መርጅ የምናደርግበት ቅዳሜ ሲደርስ ሦስት ሆነን ሽምብጥ ሰፈር አንድ ጓደኛችን ቤት ከጠዋት ተቀመጥን። እስከ ማታ የኮድ ግጭት ስንፈታ ዋልን። መብራት ሁለቴ ሄደ። በመጨረሻ ግማሹን ሥራ ጣልነው፤ ከምናስታርቀው እንደ አዲስ ብንጽፈው ይቀለን ነበር። ብራንች እንደ እንጀራ ነው። ቶሎ ካልተበላ ይሻግታል።

ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓት እምብርት፣ ከርነሉን፣ የሚጽፉት ሰዎችም ይህን መንገድ ሄደውበታል፤ ከእኛ በባሰ መጠን። እስከ 2.6 ድረስ ደንባቸው በቁጥር ነበር። ከነጥቡ በኋላ ያለው ቁጥር ሙሉ ከሆነ የተረጋጋ፣ ጎዶሎ ከሆነ የሙከራ። 2.4 ለሰው፣ 2.5 ለሙከራ። ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ስሙን አይተህ ታውቀዋለህ። ችግሩ 2.4 እ.ኤ.አ. በጥር 2001 ወጥቶ 2.6 የወጣው በታኅሣሥ 2003 መሆኑ ነው። ሦስት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሰው ደግሞ ሦስት ዓመት አይጠብቅም። ሊኑክስ የሚያከፋፍሉ ድርጅቶች ከ2.5 የሚፈልጉትን እየቆነጠሩ ወደ 2.4 መክተት ጀመሩ። «የተረጋጋ» የተባለው ውስጥ ያላለቀው በመስኮት እየገባ ነበር። ግድግዳው በጣም ሲርቅ ሰው ማሾለክ ይጀምራል። የሊኑክስ ጀማሪ ሊነስ ቶርቫልድስና ጓዶቹም 2.7 የሚባል ሳይከፍቱ ቀሩ። ዛሬ ሁሉም በአንድ መስመር ነው የሚሄደው። ሁለት ሳምንት አዲስ ነገር ይቀበላሉ፣ ከዚያ በሩን ዘግተው ለሳምንታት ማረም ብቻ ነው። በዘጠኝ ወይም በአሥር ሳምንት አንድ ሪሊዝ ይወጣል።

ግን ያላለቀው የት ሄደ? እኔ በጣም የወደድኩት ይህን ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ከርነሉ ውስጥ «ስቴጂንግ» የሚባል ፎልደር ተከፈተ። ሌላ ብራንች አይደለም፤ ሌላ የኮድ ማከማቻ፣ ሌላ ሪፖም አይደለም። እዚያው ቤት ውስጥ ያለ ጓዳ ነው። የሚሠራ ግን ገና መልክ ያልያዘ ድራይቨር (አንድን ዕቃ ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚያግባባ ኮድ) እዚያ ይገባል። አብሮት ምን እንደሚቀረው የሚዘረዝር ማስታወሻ ይቀመጣል። የጎደለውን ሲያሟላ ወደ ሳሎን ይወጣል። የሚያየው ሰው ካጣ ይሰረዛል። ደግሞም ስቴጂንግ ውስጥ ያለ ድራይቨር ሲጫን ከርነሉ ራሱ ምልክት ያደርጋል። ዝም ብሎ አያሳልፍህም።

ደቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነትም ጎረቤቴ ነው ማለት እችላለሁ፤ ላፕቶፔ ላይ ያለው እሱ ነው። እዚያ ያለው ነገር ደረጃ ደረጃ ነው። «ኤክስፔሪሜንታል» አለ፣ «አንስቴብል» አለ፣ «ቴስቲንግ» አለ፣ «ስቴብል» አለ። አንስቴብል የገባ ፓኬጅ (ለመጫን የተዘጋጀ ፕሮግራም) አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ቀን ይጠብቃል። ከባድ ባግ (ስህተት) ካልተገኘበት ወደ ቴስቲንግ ራሱ ይሻገራል። ከኤክስፔሪሜንታል ግን በራሱ የሚሻገር ነገር የለም። የያዘው ሰው «አሁን ደርሷል» ብሎ በእጁ ማምጣት አለበት። ይህቺን ልብ በሉልኝ። ጊዜ ስለቆየ ብቻ ሙከራ አያልፍም።

ጂስትሪመር የሚባለው የድምፅና የምስል ፕሮጀክትም አለ። ፕለጊኖቹን (ተጨማሪ ክፍሎቹን) «ጥሩ»፣ «መጥፎ» እና «አስቀያሚ» ብሎ ይከፍላቸዋል። መጥፎ የተባለው ሁሉ አይሠራም ማለት አይደለም። ቴስት ወይም ማብራሪያ ወይም የሚከታተለው ሰው ይጎድለዋል ማለት ነው። አስቀያሚ የተባለው ደግሞ ኮዱ ጥሩ ሆኖ የፈቃድ ወይም የፓተንት ጣጣ ያለበት ነው። ስሙ ያስቃል፤ ሥራውን ግን ይሠራል። «መጥፎ» የተባለ ፓኬጅ የሚጭን ሰው አውቆ ነው የሚጭነው።

ራስት የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ደግሞ ጠበቅ ያለ ነው። ያልጸደቀ ነገር በኮዱ ውስጥ ስሙን ጠርተህ ካልከፈትከው አይከፈትም። እሱም ናይትሊ በሚባለው ዕለታዊ ቨርዥን ላይ ብቻ ነው። በተረጋጋው ላይ ልክፈት ብትል እንኳ እምቢ ይላል። ያ የማኅበሩ ቴክኒሻን ራስት ቢሆን ኖሮ የሚጠቀመው በሩ ራሱ ይመልሰው ነበር።

ወደ ቤታችን ልመለስ። የምጠይቃችሁ ይህ ነው።

አንድ ሪፖ ይኑረን፣ አንድ ሜይን። ሜይን ሁልጊዜ ለሰው ሊሰጥ የሚችል ይሁን። የሚሞከረው ነገር ሜይን ውስጥ፣ ግን «ሙከራ» በሚል ፎልደር ይቀመጥ። ያን ጊዜ ፋይል ሲቀየር፣ ስም ሲቀየር አብሮ ይታደሳል፤ አይሻግትም። ቴስቱም በየቀኑ አብሮ ይሮጣል። ከውጭ የሚጠራው ሰው ግን «ሙከራ» የሚለውን ቃል በጣቱ ካልጻፈ አይደርስበትም። ስሙን ሳትጠራ የምትገባበት በር አይኑር። ከእንግዲህ 2፣ ኒው፣ ፋይናል፣ ላስት ፋይናል የሚባል ስም ካየሁ አላሳልፍም። ሳቁብኝ፤ ባለፈው ወር እንኳ ሁለት አግኝቻለሁ።

እያንዳንዱ ሙከራ ፎልደሩ ውስጥ አጭር ማስታወሻ ይኑረው። ማን እንደያዘው፣ ለምን እንደተጀመረ፣ ምን እንደቀረው፣ እና እስከ መቼ። የመጨረሻዋ ናት ዋናዋ። ቀን የሌለው ሙከራ ዕቃ ቤት ነው የሚሆነው። ቀኑ ሲደርስ ወይ ያልፋል፣ ወይ ባለቤቱ ምክንያቱን ጽፎ አንድ ጊዜ ያራዝመዋል፣ ወይ ይሰረዛል። ስረዛ አያስፈራችሁ። ጊት (የኮድ ለውጥን የሚመዘግበው ፕሮግራም) ውስጥ የተሰረዘ ነገር አልጠፋም፤ የፈለገ ሰው ታሪኩን ገልጦ ያወጣዋል።

አሁን ደግሞ ከሌሎቹ ያልተማርኩትን፣ እኛው ቤት የተማርነውን ልጨምር። የሙከራ ኮድ መዝገብ ማንበብ እንጂ መዝገብ ላይ መጻፍ አይፈቀድለት።

ይህን ያስተማረን የፊደል ጉዳይ ነው። እንደምታውቁት ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በአማርኛ አንድ ድምፅ ሆነዋል። ገንዘብ ያዧ «ሀይሉ» ብላ ስትፈልግ መዝገቡ ላይ «ኃይሉ» ተብሎ ስለተጻፈ «የሉም» ይላታል። ሰውየው ግን ፊቷ ቆመዋል። ስለዚህ ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ ቆጥሮ የሚፈልግ ኮድ ተጀመረ። ግሩም ሥራ ነው። ፍለጋው እንዲፈጥን ተብሎ ግን ኮዱ ስሙን ራሱን እየቀየረ መዝገብ ላይ ያስቀምጥ ጀመር። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ለሙከራ የተቀዳ መዝገብ ላይ እያለ ተያዘ። እውነተኛው ላይ ቢሆን ኖሮስ? «ሠ» ወደ «ሰ» ሲቀየር መመለሻ የለውም። የትኛው ሰው በየትኛው እንደሚጽፍ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። የሰው ስም ነው እኮ። መታወቂያው ላይ ሌላ፣ ደብተሩ ላይ ሌላ ሆኖበት ቢሮ ለቢሮ ሲንከራተት አስቡት።

የሚያነብ ሙከራ ቢሳሳት ስክሪን ላይ ይሳሳታል፤ ታጠፋዋለህ፣ አለቀ። የሚጽፍ ሙከራ ሲሳሳት ስህተቱ መዝገቡ ውስጥ ገብቶ ይኖራል። ኮዱን ብትሰርዘውም እሱ ይቀራል። ስለዚህ መዝገብ ላይ መጻፍ ማለት ካለፉ በኋላ የሚገኝ መብት ይሁን።

ማለፍ ማለትስ ምንድን ነው? እዚህ ላይ የቅኔ ቤቱን ሥርዓት አስባለሁ። ጎጃም ነን፤ ሁላችንም ዘመድ አናጣም ቅኔ ቤት የዋለ። ተማሪው ለብቻው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይቆጥራል። እዚያ ቢሳሳት፣ ቤቱ ባይሞላለት፣ ማንም አይስቅበትም። ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። የኔታ ያርሙታል፤ አንዳንዴም ሙሉውን ይመልሱበታል። ከዛፍ ሥር ተነስቶ በቀጥታ ማኅሌት ላይ የሚቆም የለም። ማንም ደግሞ «ቆጠራ ይቅር» አይልም። ቆጠራ ከሌለ ቅኔም የለ።

ለእኛ ነገራው ይህን ይምሰል። የጻፈው ሰው ያልሆነ፣ ከተቻለ ጓደኛውም ያልሆነ አንድ ሰው መስመር በመስመር ያንብበው። ማብራሪያው በአማርኛ ይጻፍ፤ ገንዘብ ያዧ ልታነበው በምትችለው አማርኛ። ቀን የሚነካ ኮድ ከሆነ ደግሞ የቀኖቹን ሰንጠረዥ ይለፍ። ሰንጠረዡ ውስጥ አራቱም ወንጌላውያን ይኑሩ፤ ከማቴዎስ እስከ ዮሐንስ፣ የእያንዳንዳቸው የመጨረሻ ጳጉሜንና የመጀመሪያ መስከረም። ሰዓትም ይግባበት። የእኛ ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው የሚጀምረው፤ ኮምፒዩተሩ ደግሞ ከእኩለ ሌሊት ነው የሚቆጥረው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተመዘገበ ነገር የማን ቀን እንደሆነ ያልተጠየቀ ኮድ አላለፈም።

«ቢሮክራሲ አበዛህብን» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አንዱ ፊት ለፊት ነግሮኛል፤ አከብረዋለሁ። ክፍት ምንጭ ነው፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ሰው በፈቃዱ ነው የሚያግዘው፣ ደጁን ካጠበብከው ይሄዳል ይላል። እኔ ደግሞ ተቃራኒውን ነው የማየው። ዛሬ አንድ ተማሪ ኮድ ሲልክ «ይሄ የሰው ገንዘብ ይነካል» ብለን ሦስት ሳምንት እናስጠብቀዋለን፤ ፈርተን ነው። ሙከራ ፎልደር ቢኖር በማግስቱ እናስገባዋለን። ስሙ ይታያል፣ ኮዱ ይሮጣል፣ ማንንም አይጎዳም። ጓዳ ያለው ቤት ነው እንግዳ የሚያበዛው።

ሌላው ፎልደሩ መቃብር ይሆናል የሚለው ነው። ይህ እውነት ነው፤ ይሆናል። ለዚህ ነው ቀኑ ላይ ድርቅ የምለው። ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ለአዲሱ ድልድይም አንድ ቃል። የአባይ አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ ግንቦት 2016 ተመረቀ። ሲሠራ በነበረባቸው ዓመታት በአሮጌው ነበር የምንሻገረው። አዲሱ ጎኑ ሲቆም እያየን፣ ብረቱን እየቆጠርን፣ «መቼ ነው የሚያልቀው» እያልን። ማንም ግን አጥሩን ዘሎ ግማሽ ድልድይ ላይ ባጃጅ አልነዳም። አጥሩ ነበራ!

አሁን ወደ ቢሮዎች ልዙር። ከዚህ በታች ያለው ለእናንተ ነው።

እባካችሁ ሜይንን አትውሰዱ። ታግ ያለውን ውሰዱ፤ ቁጥር ያለውን። ቁጥሩ በ0 የሚጀምር ከሆነ ነገ ሊለወጥ ይችላል ማለት ነው፤ ለሥራ ጠረጴዛ አይሁን። ችግር ሲገጥማችሁ ስትደውሉ መጀመሪያ ቁጥሩን ንገሩን። «አዲሱ ነው» ብቻ አትበሉ፤ አዲስ በየሳምንቱ አለ። «ያ አዲስ ነገር ለኛ ዛሬ ይብራልን» ብላችሁ ቴክኒሻናችሁን አታስጨንቁት። እሱ ሲጨነቅ እኛ ጋ ይደውላል፤ እኛ ይሉኝታ ይይዘንና እንከፍትለታለን። እንዲህ ነው ነገር የሚበላሸው።

አዲስ ነገር መሞከር የምትፈልጉ ካላችሁ ደግሞ በጣም ደስ ይለናል። አንድ ትርፍ ኮምፒዩተር ለዩ። መዝገባችሁን ቅዱና ስሙንና ስልኩን አጥፉበት። እዚያ ላይ ሙከራውን ክፈቱ፤ የፈለጋችሁትን አድርጉ። ጳጉሜን 2019 ከመድረሱ በፊት ሁለት ሦስት ቢሮ እንዲህ ቢያግዘን ዋዜማውን ሁላችንም ሽንኩርታችንን በሰላም እንከትፋለን።

እኔ መቼ እንደምጀምር ጠይቃችሁኛል። ጀምሬያለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ከራሴ ኮድ ጀመርኩ።

ሜይን ውስጥ ስድስት ዓመት የቆየ፣ እኔ የጻፍኩት ፈንክሽን አለ። የረጅም ጊዜ ውል መጨረሻ ቀን ያሰላል። መስከረም 1 ማለት ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ነው ብዬ በቀጥታ ጽፌበታለሁ። ለዛሬ ልክ ነው። ግን እ.ኤ.አ. 2100 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 29 የላትም። ከዚያ በኋላ ልዩነቱ በአንድ ቀን ይሰፋል። በእኔ ፈንክሽን የ2093 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ነው፤ መዋል ያለበት ግን ሴፕቴምበር 12 ነው። ማን 2100 ይደርሳል ብዬ ነበር። የመኖሪያ ቤት የመሬት ሊዝ 99 ዓመት መሆኑን ረስቼ። ዘንድሮ የሚፈረም ሊዝ የሚያልቀው በ2117 ነው።

ስለዚህ ወደ «ሙከራ» ፎልደር አወረድኩት። ማስታወሻውን እንዳለ አስቀምጣለሁ፤ ለእናንተም ናሙና ይሁናችሁ።

«የያዘው፦ የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ። የተጀመረው፦ የረጅም ውል ማብቂያ ለማስላት። የቀረው፦ ከ2092 በኋላ ያሉ ቀኖች ስህተት ናቸው፤ ከ1892 በፊት ያሉትም አልተፈተሹም። መዝገብ ላይ ይጽፋል ወይ? ይጽፍ ነበር፤ ተዘግቷል። እስከ፦ ሰኔ 30 ቀን 2018። ካልደረሰ ይሰረዝ።»

አንድ ሰው ሪቪው ያድርግልኝ። ጓደኛዬ ባይሆን እመርጣለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ሽንኩርቱን ጥሎ የተነሳው